ቅቤ፣ ላት፣ ሞራና ዘይት፤ የቅባቶች ስምና ጠባይ

በመንዝና በግሼ ደጋ፣ እንዲሁም በመርሐ ቤቴ ወይና ደጋና ቆላ ወደሚገኝ ወደ ማናቸውም ጓዳ ቢገባ ከሚከተሉት አንዱ ወይም ሁለቱ አይታጡም፤ ይኸውም ቅቤ፣ ከታረደ በግ የወጣ ላት፣ የበሬ ሞራ፣ የኑግ ዘይት፣ ከሱቅ የተገዛ ዘይት ወይም ታምሶ የተወቀጠ ተልባ ነው። ሁሉም በአንድ ስም «ቅባት» ይባላሉ። በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በጠባይ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ይረጋል፣ ሌላው ይፈሳል፤ አንዱ ለብዙ ወራት ይቀመጣል፣ ሌላው በጥቂት ቀን ይሸታል፤ አንዱን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው ይችላል፣ ሌላውን ግን ከምግብ ካላገኘ ይጎዳል።

በአገራችን ደጋ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። በጀማ ሸለቆ ሙቀት እንደ ውሃ ሲፈስ የነበረ ዘይት፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ መሐል ሜዳ ሲወጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አድሮ በማግሥቱ እንደ ሞራ ረግቶ ይገኛል። ገዢው «ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል» ብሎ ይጠረጥራል፤ ሻጩም «እንዳመጣሁት ነው የሸጥሁት» ብሎ ይምላል። እውነቱን ለመለየት የቅባትን አሠራርና አሰያየም ማወቅ ይበቃል። ይህ ዕውቀት የሚጠቅመው ለገበያ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ጾም በሚበዛበት ቤት የሚያጠባ እናትና የሚያድግ ሕፃን ምን ዐይነት ቅባት ማግኘት እንዳለባቸው የሚወሰነው በዚሁ ነውና፤ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ የከተማ ነዋሪዎች ነገሩን ተረድተው ለሌላው እንዲያስረዱ በማሰብ ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. መንሹና መቁጠሪያው

እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ ሊቃውንት ቅባት አንድ ወጥ ነገር ይመስላቸው ነበር። ይህን ሐሳብ የለወጠው ሚሼል ኤውዤን ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በ1811 ከአሳማ ስብ የተሠራ ሳሙና እንዲመረምር ተሰጥቶት ሥራውን ጀመረ፤ በ1823 ስለ እንስሳት ቅባት ያገኘውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው በ1786 ተወልዶ በ1889 በ102 ዓመቱ ያረፈ ነበር። ሼቭረል ያስተማረው ዋና ነገር ቅባት ከሁለት ነገሮች የተጣመረ መሆኑን ነው፤ አንደኛው ግሊሰሪን፣ ሁለተኛው የቅባት አሲድ ይባላል። ግሊሰሪን የተባለው ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ነው፤ ቃሉ የተወሰደው በግሪክ ቋንቋ «ጣፋጭ» ከሚለው ቃል ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በዐውድማ ላይ እህል የሚበተንበትን ባለ ሦስት ጣት መንሽ እናስብ። ግሊሰሪን ማለት ይህ መንሽ ነው። በእያንዳንዱ ጣት ላይ አንድ አንድ የመቁጠሪያ ገመድ ብናስር፣ ሦስቱ ገመዶች የቅባት አሲዶች ናቸው። በገመዱ ላይ በተርታ የተሰኩት ፍሬዎች ካርቦን የተባለው ንጥረ ነገር ናቸው፤ በየፍሬው ዙሪያ ሃይድሮጂን ይጣበቃል። ገመዱ ሁለት ጫፍ አለው። ከመንሹ ጋር የሚታሰረው ጫፍ ኦክስጅን ያለበት የአሲድ ራስ ነው፤ ሌላው ጅራቱ ነው። ራሱ ውሃ ይወዳል፤ ጅራቱ ግን ውሃን ይሸሻል።

ሳሙና የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቅባት ከአመድ ውሃ ወይም ከሌላ ጠንካራ አልካሊ ጋር ሲፈላ ገመዶቹ ከመንሹ ይፈታሉ፤ ራሳቸውም የአልካሊውን ጨው ይይዛል። እጅ በሳሙና ሲታጠብ ጅራቱ በእጅ ላይ ያለውን ቅባትና እድፍ ይነክሳል፤ ራሱ ደግሞ ውሃውን ይዞ ይጎትታል፤ ተሐዋስያንም ከእድፉ ጋር ታጥበው ይሄዳሉ። እጅን በውሃ ብቻ ማለቅለቅና በሳሙና ማሸት አንድ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

፪. ስሞቹ ከየት መጡ

የቅባት አሲዶች ስም ለሚሰማው እንግዳ ይመስላል። ሲፈቱ ግን አብዛኞቹ የጓዳና የበረት ስሞች ናቸው። ስቴሪክ አሲድ የተባለው በግሪክ «ሞራ» ከሚለው ቃል ነው። ፓልሚቲክ ከዘንባባ፣ ኦሌይክ በላቲን «ዘይት» ከሚለው፣ ቡቲሪክ «ቅቤ» ከሚለው ቃል መጡ። ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የተባሉት ሦስቱ አጫጭር አሲዶች ደግሞ ስማቸውን ያገኙት ከፍየል ነው፤ ላቲኖች ፍየልን «ካፕራ» ይሏታልና። የፍየልን ወተት የቀመሰ ሰው ስሙ ያለ ምክንያት እንዳልተሰጠ ይረዳል።

ከተልባ ሁለት ስሞች ወጥተዋል፤ ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ ይባላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ብቻ ስለ ሆነ አንባቢ ሊሳሳት ይችላል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ከዚህም በላይ ስም የሚያሳየው መጀመሪያ የተገኙበትን ቦታ እንጂ በብዛት ያሉበትን ቦታ አይደለም። የሊኖሌይክ ስም ከተልባ ቢወሰድም ተልባ በብዛት የያዘው ሊኖሌኒክን ነው፤ ሊኖሌይክን በብዛት የያዘው የእኛው ኑግ ነው። በአገራችን ከሚመረተው የኑግ ዘይት ከመቶው 70 የሚያህለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሊኖሌይክ ነው። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ሊኖሌኒክ ነው።

ቅባት ነክ የሆኑት ነገሮች ሁሉ በአንድነት ሊፒድ ይባላሉ፤ ይህም «ስብ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከዚህ ወገን ያሉት ሁሉ በመንሽ ላይ የታሰሩ አይደሉም። የጧፍ ሰምና በመንዝ በግ ሱፍ ላይ የሚገኘው ቅባት ግሊሰሪን የላቸውም። ሌሲቲን የተባለው በእንቁላል አስኳል የሚገኝ ሲሆን ስሙም በግሪክ «አስኳል» ማለት ነው። ኮሌስትሮል ደግሞ መጀመሪያ የታወቀው ከሐሞት ጠጠር ስለ ነበር ሼቭረል «ሐሞት» እና «ጽኑ» ከሚሉት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ሰየመው።

የተገኙት አሲዶች እየበዙ ሲሄዱ የቦታና የእንስሳ ስም ብቻ አልበቃም። ስለዚህ በ1892 ሊቃውንት በጄኔቫ ተሰብስበው ካርቦንን በመቁጠር የሚሰየምበትን ሥርዐት አወጡ። በዚህ ሥርዐት ስቴሪክ አሲድ ኦክታዴካኖይክ ይባላል፤ ኦክታ ስምንት፣ ዴካ ዐሥር ነውና፣ ባለ 18 ካርቦን ማለት ነው።

፫. ቁጥሩ ምን ይናገራል

በምግብ ኬሚስትሪ መጻሕፍት እያንዳንዱ የቅባት አሲድ በሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የመቁጠሪያውን ፍሬ፣ ማለት ካርቦኑን ይቆጥራል። ሁለተኛው ቁጥር በገመዱ ላይ ስንት እጥፍ ማያያዣ እንዳለ ይናገራል። እጥፍ ማያያዣ ያለበት ቦታ ሃይድሮጂን የጎደለበት ነው፤ በዚያም ቦታ ገመዱ እንደ ክንድ ይታጠፋል። ምንም እጥፋት የሌለበት አሲድ በእንግሊዝኛ ሳቹሬትድ፣ በእኛ አነጋገር «የጠገበ» ይባላል፤ እጥፋት ያለበት «ያልጠገበ» ነው።

አሁን ባለ 18 ፍሬ የሆኑትን አራቱን አሲዶች እናስተያይ። ስቴሪክ 18:0 ነው፤ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ኦሌይክ 18:1 ነው፤ በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሊኖሌይክ 18:2 ነው፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ እስኪደርስ አይረጋም። ሊኖሌኒክ 18:3 ነው፤ ከዜሮ በታች እስከ 11 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። የአራቱም ርዝመት እኩል ነው፤ ልዩነቱ የእጥፋቱ ቁጥር ብቻ ነው።

ምክንያቱን ከማገዶ እንማራለን። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ማገር እርስ በርሱ ተጠጋግቶ በጥብቅ ይታሰራል፤ ጠማማ የወይራ ቅርንጫፍ ግን ምንም ቢያጠብቁት ክፍተት አያጣም። የጠገቡት ገመዶች እንደ ማገሩ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ቅባቱ ይረጋል። ያልጠገቡት እንደ ወይራው ስለሚራራቁ ይፈሳሉ።

እንግዲህ ወደ መሐል ሜዳው ክርክር እንመለስ። ባለፉት ዓመታት ከውጭ አገር በብዛት ሲገባ የቆየው ዘይት የዘንባባ ወይም የፓልም ዘይት ነው። ከዚህ ዘይት ከመቶው 44 ያህሉ ፓልሚቲክ፣ ማለት 16:0 ነው። ስለዚህ ሲሞቅ ይፈሳል፣ ሲበርድ ይረጋል፤ ይህ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው፤ መርጋቱ ብቻውን ባዕድ ነገር ለመቀላቀሉ ማስረጃ አይሆንም። እንዲሁም አለመርጋቱ ብቻውን ዘይቱ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር አይደለም። ሆኖም መርጋቱ አንድ እውነት ይነግረናል፤ ዘይቱ የጠገበ ቅባት የበዛበት መሆኑን ነው።

በመንዝ በግ ላይም ይህንኑ ሕግ እናያለን። የመንዝ በግ ባለ ላት በግ ነው። በኩላሊቱ ዙሪያ ያለው ሞራ ቶሎ የሚረጋና የሚፈረፈር ሲሆን ላቱ ግን ለስላሳ ነው። በሆድ ውስጥ ያለው ስብ ዘወትር ይሞቃል፤ ላቱ ግን ለውጭው ብርድ የተጋለጠ ነው፤ በላቱ ውስጥ ያለው ያልጠገበ ቅባት ከሞራው ስለሚበልጥ በብርድ ጊዜ እንደ ድንጋይ አይጠነክርም። በአንድ በግ አካል ውስጥ ሁለት ዐይነት ቅባት አለ ማለት ነው።

፬. ቅባት ስለ መበላሸቱ

ቅባት በሁለት መንገድ ይበላሻል። የመጀመሪያው በውሃ ነው። በቅቤ ውስጥ ጥቂት ውሃና የወተት ትርፍራፊ ይቀራል፤ በዚያ የሚኖሩት ረቂቃን ተሐዋስያን ገመዶቹን ከመንሹ ይፈታሉ። ከቅቤ ከሚፈቱት አንዱ አጭሩ ቡቲሪክ፣ ማለት 4:0 ነው፤ አጭር ስለ ሆነ በቀላሉ ተንኖ ወደ አፍንጫ ይደርሳል። የከረመ ቅቤ ሽታ ይኸው ነው። እናቶቻችን ቅቤን በኮሰረት፣ በኮረሪማና በሌላም ቅመም ሲያነጥሩ ውሃው ይተናል፣ አተላው ይዘቅጣል፤ ንጥር ቅቤ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ስለዚህ ነው። ይህ የባልትና ሞያ በኬሚስትሪ ዐይን ሲታይ ፍጹም ትክክል ነው።

ሁለተኛው መንገድ በአየር ነው። የአየሩ ኦክስጅን የሚያጠቃው እጥፋት ያለበትን ቦታ ነው፤ እጥፋቱ በበዛ መጠን መበላሸቱም ይፈጥናል። የተልባ ዘይት ሦስት እጥፋት ያለው አሲድ ስለ በዛበት በአየር ላይ ይደርቃል፤ ሠዓሊዎች ቀለም የሚበጠብጡበት ለዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ተልባ በፍሬነቱ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ ከተወቀጠ በኋላ ግን ቶሎ መበላት አለበት።

በሻይ ቤቶች ፓስቲና ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት ደጋግሞ ሲፈላም በአየርና በእሳት ይበላሻል። የጠቆረ፣ አረፋ የሚያበዛ፣ የሚከረፋ ዘይት ሊጣል ይገባል እንጂ አዲስ ዘይት እየተጨመረበት ሊቀጥል አይገባም።

ሰዎች ፈሳሽ ዘይት እንዲረጋና እንዲከርም ለማድረግ ሌላም ዘዴ ፈጥረዋል። ቪልሄልም ኖርማን የተባለ ጀርመናዊ በ1902 ሃይድሮጂንን ወደ ዘይት የማስገባት ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ሥራው በከፊል ሲቀር አንዳንዱ እጥፋት ሳይሞላ አቅጣጫውን ብቻ ይለውጣል፤ ገመዱም ቀጥ ይላል። ይህ ትራንስ ይባላል፤ በላቲን «ባሻገር» ማለት ነው። በፋብሪካ የሚሠራው የትራንስ ቅባት የልብ በሽታ እንደሚያመጣ ስለ ተረጋገጠ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከምግብ ውስጥ እንዲወገድ ለመንግሥታት ጥሪ አቅርቧል።

፭. ሰውነት ሊሠራቸው የማይችላቸው

በ1929 ጆርጅ ቡርና ባለቤቱ ሚልድሬድ ቡር የተባሉ አሜሪካውያን ለአይጦች ምንም ቅባት የሌለበት ምግብ እየሰጡ ተመለከቱ። አይጦቹ እድገታቸው ቆመ፤ ቆዳቸው ቅርፊት አወጣ፤ በመጨረሻም ሞቱ። ጥቂት ሊኖሌይክ አሲድ የተሰጣቸው ግን ዳኑ። ከዚህ የታወቀው፣ ሰውነት የጠገቡትን አሲዶችና ኦሌይክን ከሌላ ምግብ ሊሠራ ቢችልም ሊኖሌይክንና ሊኖሌኒክን ግን ሊሠራ እንደማይችል ነው። ሁለቱም ከምግብ መምጣት አለባቸው። በብዙ ጣሳዎች ላይ የሚነበቡት ኦሜጋ 6 እና ኦሜጋ 3 የሚሉት ቃላት የእነዚህ ወገኖች ስም ናቸው። «አልፋና ዖሜጋ» ሲባል እንደምንሰማው ዖሜጋ የግሪክ ፊደል መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ከገመዱ መጨረሻ፣ ከጅራቱ በኩል ሲቆጠር የመጀመሪያው እጥፋት በሦስተኛው ፍሬ ላይ ከተገኘ ኦሜጋ 3፣ በስድስተኛው ላይ ከተገኘ ኦሜጋ 6 ይባላል። ኑግ የኦሜጋ 6፣ ተልባ የኦሜጋ 3 ጎተራ ናቸው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡም አንድ ግራም ተኩል የሚሆን ሊኖሌኒክ አለ። በአሜሪካ የምግብ ሊቃውንት ለአዋቂ ሴት በቀን 1.1 ግራም፣ ለወንድ 1.6 ግራም ይበቃል ይላሉ። የደጋው ገበሬ በጾም ወራት የሚበላው የተልባ ፍትፍት እንግዲህ የችግር ምግብ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ፍሬው ሳይደቅ ከተዋጠ ሳይፈጭ ይወጣልና ታምሶ መወቀጥ አለበት።

ቅባት ሌላም ሥራ አለው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚሟሙት በቅባት ነው። ሕፃን ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት የሚሳነው፣ ዳፍንት የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ሳይታከም ቢቆይ ዐይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ቅቤ ቫይታሚን ኤን በራሱ ይዟል። ጎመንና ካሮት ደግሞ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር ይዘዋል፤ ሆኖም ያለ ዘይት ከተበሉ አብዛኛው ሳይጠቅም ይወጣል። የጾም ጎመን በዘይት መሠራቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

፮. ለቤት የሚሆን ምክር

አንደኛ፤ ከ6 ወር በላይ የሆነው ሕፃን ከጡት ሌላ በሚመገበው ገንፎ ወይም አጥሚት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመርለት። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም እህል ግን ከ4 አይበልጥም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ ገንፎ ሊይዝ አይችልም። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለመጾም አይገደድምና ቅቤና ወተት በጾም ምክንያት አይከልከል።

ሁለተኛ፤ ከእናት ጡት ወተት ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከቅባት ነው፤ እናቲቱ የምትበላው የቅባት ዐይነትም ወደ ወተቷ ያልፋል። ስለዚህ የምታጠባ እናት ኑግና ተልባ አይጓደልባት፤ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር።

ሦስተኛ፤ ለአዋቂ ሰው የጠገበ ቅባት ከዕለቱ ጠቅላላ ኃይል ከመቶ 10 እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ስለዚህ ቅቤ፣ ሞራና የሚረጋ ዘይት በልክ ይሁኑ፤ ለዘወትር ወጥ ኑግን የመሰለ ፈሳሽ ዘይት ይመረጥ።

አራተኛ፤ ጎመንዘር ኤሩሲክ የተባለ 22:1 የሆነ አሲድ ይበዛበታል፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ይህ አሲድ በልብ ጡንቻ ላይ ቅባት እንዲጠራቀም አድርጓል። ፍሬውን ምጣድ ለማሰሻ መጠቀም አያሰጋም፤ ዘይቱን ብቻ የዘወትር ምግብ ማድረግ ግን አይገባም።

አምስተኛ፤ ዘይት ከብርሃንና ከእሳት ርቆ፣ በደንብ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ።

፯. ለመምህራን የሚሆን ሙከራ

ሦስት ትናንሽ ንጹሕ ጠርሙሶች ይገኙ። በአንደኛው የኑግ ዘይት፣ በሁለተኛው ከሱቅ የተገዛ የፓልም ዘይት፣ በሦስተኛው የቀለጠ ቅቤ ይደረግ። ከደጅ አድረው በማለዳ ተማሪዎቹ የትኛው እንደ ረጋ፣ የትኛው እንደ ፈሰሰ በደብተራቸው ይጻፉ። ከዚያም ጠርሙሶቹ በለብታ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚቀልጡ ይታይ። መምህሩ በሰሌዳው ላይ 16:0፣ 18:1 እና 18:2 ብሎ ጽፎ ሁለተኛው ቁጥር ሲጨምር ምን እንደሚሆን ይጠይቃቸው። በቆላ የሚያስተምር መምህርና በደጋ የሚያስተምር መምህር ውጤታቸውን በደብዳቤ ቢለዋወጡ ደግሞ ያው አንድ ዘይት በሁለት አገር ሁለት መልክ እንዳለው ተማሪዎቹ በገዛ ዐይናቸው ይረዱታል፤ ማታም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በእናታቸው ጓዳ ያለው ዘይት የትኛው እንደ ሆነ ጠይቀው ያስረዳሉ።